ኤዲ ምንድን ነው? የጄት ፍላይት ኮንትሮል "በግዴታ ይጠገን" ሲባል

አንድ ወዳጄ ማታ ደወለልኝና "ነገ የምሳፈርበት ጄት ክንፉ ላይ ችግር ተገኝቶበት ይጠገን ተብሎ ታዟል፣ ትኬቱን ልሰርዘው እንዴ?" አለኝ። ዜናውን ላክልኝ አልኩት፣ ሳነበው ርዕሱ ልብ ያቆማል፣ ውስጡ ግን አየር መንገዶቹ ስራውን እንዲጨርሱ የተሰጣቸው ጊዜ ከአመት በላይ ነው። ተኛ፣ ነገ ሂድ አልኩት። እሱ ግን መች ይተኛል፣ "አደገኛ ከሆነ አሁኑኑ ለምን አያቆሙትም፣ አደገኛ ካልሆነ ደግሞ ለምን ያዛሉ?" እያለ ሲያደርቀኝ አመሸ። ጥያቄው ግን ልክ ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ (ከታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ኤዲ ማለት ኤርዎርዚነስ ዳይሬክቲቭ የሚለው ሲያጥር ነው፣ በአማርኛ የአየር ብቁነት መመሪያ ልንለው እንችላለን፣ ግን "መመሪያ" ሲባል ምክር ስለሚመስል ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። ኤዲ ህግ ነው። የአቪዬሽን ባለስልጣኑ "ይህ ሞዴል ያለው ሁሉ ይህቺን ክፍል በዚህ ጊዜ ውስጥ ይፈትሽ፣ ይጠግን ወይ ይቀይር፣ አለበለዚያ አውሮፕላኑ አይነሳም" ብሎ ሲያዝ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የአገሩ የአቪዬሽን ባለስልጣን ኤፍኤኤ የሚያወጣው በአቪዬሽን ደንቡ ክፍል 39 ስር ነው፣ እዛ ላይ ደስ የምትለኝ አንድ አንቀጽ አለች፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ትዕዛዙን ሳታሟላ ከበረርክ ጥፋቱ አንድ ተብሎ አይታለፍም፣ እያንዳንዱ በረራ ለብቻው ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። በቀን ስድስቴ የሚነሳ ጄት ከሆነ በቀን ስድስት ጥፋት ነው፣ አስበው።

ደግሞ ለሆነው ብልሽት ሁሉ ኤዲ አይወጣም። ሁለት ነገር መሟላት አለበት፣ አንደኛ አደገኛ ሁኔታ መኖሩ፣ ሁለተኛ ያው ሁኔታ ዲዛይናቸው አንድ በሆነ ሌሎች አውሮፕላኖች ላይም ሊኖር ወይ ሊፈጠር የሚችል መሆኑ። ሁለተኛዋ ናት ዋናዋ። አንድ መካኒክ አንድ ቀን ደክሞት አንድ ዳዶ ሳያጠብቅ ቢያልፍ የዛች አውሮፕላን ጉዳይ ነው። ሲአርጄ 200 በምትባለው ባለ 50 ወንበር ጄት ላይ የተገኘው ግን ሌላ ነው፣ ወደ ሆዷ የቀረበውን ፍላፕ (ስትነሳና ስታርፍ ከክንፉ ኋላ የሚወጣውን ክፍል) ከክንፉ ጋር የሚያይዘው የማጠፊያ ሳጥን ላይ ካሉት ማያያዣዎች አንዳንዶቹ በተሳሳተ አቅጣጫ ገብተው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ተገኙ። ማያያዣው ካልያዘ ሳጥኑ ይላቀቃል፣ ሳጥኑ ከተላቀቀ ፍላፑ ራሱ አየር ላይ ሊገነጠል ይችላል። እንዲህ አይነት ነገር አንዷ ላይ ከታየ እህቶቿም ላይ ሊኖር ይችላልና ሁሉም ይፈተሹ ይባላል።

ፍላይት ኮንትሮል የሚባለው ምኑ ነው ለሚል፣ አውሮፕላኑን የሚያዞረው፣ የሚያነሳውና የሚያወርደው ነገር በሙሉ ነው። ክንፉ ጫፍ አካባቢ አይለሮን አለ፣ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ጭራው ላይ ኤለቬተር አለ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ የቆመው ጭራ ላይ ሩደር አለ፣ ፍላፕ ደግሞ ስትነሳና ስታርፍ በመስኮት ከክንፉ ኋላ እየተንሸራተተ ሲወጣ የምታየው ነው። ፓይለቱ አብዛኞቹን በክንዱ ጉልበት አይደለም የሚያንቀሳቅሳቸው፣ መሪውን ሲያዞር በብረት ገመድ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ ትዕዛዙ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ አክቹኤተር የሚባል ብዙ ጊዜ በሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት) የሚገፋ ክንድ ክፍሉን ይገፋዋል ወይ ይስበዋል። ሲአርጄ ላይ ሃይድሮሊኩ ሶስት ለየብቻ የሚሰራ ሲስተም ነው፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ይይዛሉ።

የወዳጄ ጥያቄ መልስ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው። ፍላይት ኮንትሮል ላይ ብዙው ነገር ደራቢ፣ ማለትም አንዱ ቢበላሽ የሚይዝ ሌላ፣ ስላለው አንድ ክፍል ስለተሰነጠቀ ወዲያው አውሮፕላኑ ይወድቃል ማለት አይደለም፣ ግን ደራቢው ብቻውን ቀረ ማለት ነው፣ በአንድ እግር እንደመቆም። ሁለተኛው ነገር ስንጥቅ ጊዜ ይወስዳል። ኢንጂነሮቹ በአይን ወይ በመሳሪያ ከሚታይበት ቀን ጀምሮ ክፍሉ እስኪበጠስ ስንት በረራ እንደሚፈጅ ያሰሉና ከዛ በጣም ቀድሞ እንዲታይ፣ የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ቢያመልጥ እንኳን ቀጣዩ እንዲይዘው አድርገው ጊዜውን ይቆርጣሉ። ስለዚህ ኤዲ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የተሰጠው ጊዜ ነው፣ "መቆጣጠር ወደ ማጣት ሊያደርስ ይችላል" የሚለው አረፍተ ነገር ግን ፍላይት ኮንትሮል የሚነካ ኤዲ ላይ በብዛት አለ፣ ከሱ ብቻ ምንም አታውቅም። "ከሚቀጥለው በረራ በፊት" ካለ ያኔ ደንግጥ፣ ጄቱም ቢሆን ያለበት ቦታ ይቆማል። "በ24 ወር ውስጥ" ካለ ግን በሚቀጥለው ትልቅ ሰርቪስ ሀንጋር ስትገባ አብሮ ይሰራ ማለት ነው።

ጊዜው ሁሌ በወር አይቆጠርም። በወር፣ በበረራ ሰዓት ወይም በሳይክል ይሆናል፣ ሳይክል ማለት አንድ መነሳትና አንድ ማረፍ ነው። ሪጅናል ጄት ላይ፣ አጭር መንገድ በምትበረው ትንሿ ጄት ማለት ነው፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ትልቁ ጄት ውቅያኖስ ተሻግሮ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚያርፈው፣ ትንሿ ግን አንድ ሰዓት በርራ ታርፋለች፣ ሰው ታራግፋለች፣ ትነሳለች፣ እንዲህ ስትል ትውላለች። ፍላፑ በእያንዳንዱ በረራ ወጥቶ ይገባል፣ ጎማው ይወጣል ይገባል፣ ቦዲው በአየር ግፊት ይነፋል ይተነፍሳል። 600 ሳይክል ቢሰጥ በቀን ስድስቴ ለምትነሳው 100 ቀን ነው፣ ሁለቴ ለሚነሳው ግን 300 ቀን፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ያው አንድ ነው። ለዛ ነው ገና ወጣት የምትመስል ሪጅናል ጄት መገጣጠሚያዎቿ አርጅተው የሚገኙት።

ሌላ ሰው የሚያደናግረው ነገር አንድ ስንጥቅ ሶስቴ ዜና መሆኑ ነው። ኤዲ መጀመሪያ የሚወጣው አውሮፕላኑ ዲዛይን ከተደረገበት አገር ነው፣ ለኤምብራየር የብራዚሉ ባለስልጣን አናክ፣ ለሲአርጄ የካናዳው ትራንስፖርት ካናዳ። ሲአርጄን እንኳን ቦምባርዲየር በ2020 ለጃፓኑ ሚትሱቢሺ በ550 ሚሊዮን ዶላር ሸጦታል፣ ግን ሰርተፊኬቱ ኤምኤችአይ አርጄ በሚባል ካናዳ ውስጥ ባለ ድርጅት ስም ስለሆነ አሁንም የሚያዘው የካናዳው ባለስልጣን ነው፣ ለዚህ ነው የአሜሪካው ኤዲ ላይ ኤምኤችአይ አርጄ ከሚለው ስም ቀጥሎ "ቀድሞ የቦምባርዲየር" የሚል የሚጨመረው። እና ካናዳ ያወጣል፣ አንድ ዜና። ከዛ ኤፍኤኤ ተቀብሎት ረቂቅ ያወጣና ብዙ ጊዜ 45 ቀን ለአስተያየት ይሰጣል፣ ሁለተኛ ዜና። ከዛ የመጨረሻው ይጸድቃል፣ ታትሞም አብዛኛውን ጊዜ ከ35 ቀን በኋላ ስራ ላይ ይውላል፣ ሶስተኛ ዜና። አንባቢው ሶስት ችግር የተገኘ ይመስለዋል።

ከኤዲ በፊት ደግሞ ሰርቪስ ቡለቲን አለ። ይሄ ፋብሪካው ለደንበኞቹ የሚልከው ነው፣ "ይህን ክፍል እንዲህ አድርጋችሁ ቀይሩ" የሚል፣ ስዕሉ የቡሎኑ ቁጥር የማጥበቂያው ልክ ሁሉ ያለበት። ብቻውን ሲሆን ህግ አይደለም፣ ኤዲው ግን "በዚህ ቡለቲን መሰረት ስሩ" ካለ በቃ ህግ ሆነ፣ ከዛ ወዲያ በራስህ መንገድ ልስራው ብትል አይቻልም፣ የተለየ ዘዴ ካለህ ለባለስልጣኑ አቅርበህ ማስጸደቅ አለብህ። ጄቷ ቀኑ ደርሶባት መጠገኛ በሌለበት ከተማ ላይ ከቀረችስ ለሚል፣ ኤዲው ራሱ ካልከለከለ በልዩ ፈቃድ ያለ ተሳፋሪ ወደሚጠገንበት ቦታ ልትበር ትችላለች።

አስቸኳይ የሆነውን ከቁጥሩ መለየት ይቻላል፣ ይቺን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። የኤፍኤኤ ኤዲ ቁጥር ሶስት ክፍል አለው፣ ዓመቱ፣ ከዛ በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ሁለት ሳምንት እንደሆነ፣ ከዛ ተራ ቁጥር። አስቸኳዮቹ ተራ ቁጥራቸው ከ51 ይጀምራል። 2018-23-51 የሚለውን ቁጥር እኔ አልረሳውም። ቦይንግ 737 ማክስ ሪጅናል ጄት አይደለም፣ ግን ስለ ፍላይት ኮንትሮል ኤዲ እያወሩ እሱን መዝለል አይቻልም። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610፣ ማክስ ነበር፣ ከወደቀ በኋላ ኖቬምበር 7 ቀን 2018 የወጣው አስቸኳይ ኤዲ ማንኛውንም ክፍል አላስቀየረም፣ የፓይለቱ ማኑዋል ላይ የጭራው ትሪም (አፍንጫው ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ጭራውን የሚያስተካክለው) በራሱ ሲሄድ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ ጽሁፍ ይጨመር ነው ያለው። ከአራት ወር በኋላ ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወደቀ፣ 157 ሰው። ትሪሙን በራሱ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር እንዲቀየር ያዘዘው ኤዲ የወጣው ኖቬምበር 2020 ላይ ነው። ስለዚህ "ኤዲ ወጥቷል" ሲባል እኔ ሁሌ የማየው ኤዲው የሚነካው ብረቱን ነው ወይስ ወረቀቱን የሚለውን ነው።

ወጪው የባለቤቱ ነው፣ አንዳንዴ ፋብሪካው በዋስትና ይሸፍናል። ኤፍኤኤ ኤዲዎቹ ላይ ግምት ያስቀምጣል፣ ለረጅም ጊዜ የአንድ ሰዓት ስራን በ85 ዶላር ነው ሲያሰላ የኖረው፣ 10 ሰዓት የሚፈጅ ፍተሻ 850 ዶላር ማለት ነው። ትልቁ ወጪ ግን ጄቷ ስትቆም የሚቀረው በረራ ነው፣ እሱ ስሌቱ ውስጥ የለም።

ሀንጋር ውስጥ ያለው ስራ ብዙ ጊዜ ከዜናው ጋር አይመጣጠንም። የአላስካ አየር መንገድ በረራ 261 ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 ላይ 88 ሰው ይዞ ባህር ውስጥ የወደቀው ጭራውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባለ ክር ዘንግ ላይ የሚሄደው ዳዶ ክሩ ተበልቶ ስላለቀ ነው፣ መርማሪዎቹ ዘንጉ ላይ የሚረባ ግራሶ አላገኙም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የወጣው ኤዲ ቁጥሩ 2000-03-51 ነው፣ ያውም አስቸኳይ መሆኑ ነው፣ ያዘዘው ደግሞ ምን መሰለህ፣ ግራሶው ውስጥ የብረት ፍርፋሪ አለ ወይ ብሎ ማየት። ፍርፋሪ ካለ ክሩ እየተበላ ነው። መካኒኩ መብራት ይዞ ጭራው ውስጥ ይገባል፣ በጣቱ ግራሶውን ያሽና ያያል።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ፣ ፍላይት ኮንትሮል የነካ እጅ ራሱ አዲስ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ኖቬምበር 2019 አትላንታ ላይ አንዲት ኤምብራየር 175 ከተነሳች በኋላ ትሪሟ በራሱ አፍንጫዋን ወደ ላይ ይወስድባቸው ጀመር፣ ፓይለቶቹ ታግለው መልሰው አሳረፏት። ሲመረመር ካፒቴኑ መሪ ላይ ያለው የትሪም ማብሪያ ተገልብጦ ገብቷል፣ በዛ ላይ ቡሎን እንዳይፈታ የሚታሰርበት ቀጭን የደህንነት ሽቦ ጫፉ በተሳሳተ መንገድ ቀርቶ የማብሪያውን ገመዶች ልባስ እየፋቀው ነበር። ያቺን የምታክል ሽቦ!

ከዛ አንድ ዓመት ቀድሞ ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ፖርቹጋል ውስጥ የሆነው ይብሳል። የኤር አስታና ኤምብራየር 190 ከትልቅ ጥገና ወጥታ ስድስት ሰው ይዛ ተነሳች፣ ጥገናው ላይ የአይለሮን ገመዶችን የሚነካ የሰርቪስ ቡለቲን ስራም ነበረበት። ገመዶቹ ተገላቢጦሽ ተገጥመዋል። ፓይለቱ ወደ ግራ ሲያዞር አይለሮኑ ወደ ቀኝ ያጋድላታል፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ስፖይለር (ከክንፉ ጀርባ ወደ ላይ የሚነሳው ሳህን) ግን በትክክል ስለሚሰራ ወደ ግራ ይስባታል፣ ሁለቱ በአንድ ክንፍ ላይ ይጣላሉ። ፓይለቶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ተንገላተው፣ ተዋጊ ጄቶች እየመሯቸው፣ ቤጃ የሚባል ማረፊያ ላይ በሶስተኛው ሙከራ አረፉ፣ ሁሉም ተረፉ። ከመነሳታቸው በፊት ሀንጋር ውስጥ የፍላይት ኮንትሮል ማስጠንቀቂያ መልእክት ወጥቶ ቴክኒሻኖቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ከርመው ነበር፣ መገልበጡን ግን አላዩትም።

ስለዚህ ፍላይት ኮንትሮል ላይ የተሰራ ስራ የሰራው ሰው ብቻ ፈርሞ አይዘጋም፣ ስራውን ያልነካ ሌላ ፈቃድ ያለው ሰው ለብቻው መፈተሽ አለበት። በጣም ቀላል የሆነው ክፍሉ ደግሞ ይሄ ነው፣ አንዱ ኮክፒት ይቀመጣል፣ ሌላው ውጪ ክንፉ ጋ ቆሞ በሬዲዮ ያወራሉ። ውስጥ ያለው መሪውን ወደ ግራ ያዞርና "ግራ" ይላል። ውጪ ያለው "ተንቀሳቅሷል" ማለት አይበቃውም፣ በየት በኩል እንደሄደ መናገር አለበት፣ "የግራው ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች"።