የውቅያኖስን ጅረት የማዞር ዕቅዶችና ዋጋቸው

ገልፍ ስትሪም የተባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጅረት ባሕር ውስጥ እንደሚሄድ ወንዝ ነው። ፍሎሪዳ ጋ ሲደርስ በሰከንድ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ሙቅ ውሃ ይነዳል። የዓለም ወንዞች ሁሉ ቢደመሩ ከ1.3 ሚሊዮን ብዙም አያልፉም። ይህን የሚያህል ውሃ መንገዱን እናስለውጠው ብለው ከልባቸው የተነሱ ሰዎች ነበሩ።

አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ካሮል ሊቪንግስተን ራይከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ከካናዳዋ ደሴት ከኒውፋውንድላንድ ተነስቶ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ የሚዘልቅ ግድብ አሰበ። ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛው የላብራዶር ጅረት ገልፍ ስትሪምን እንዳያቀዘቅዘው ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፣ ድንጋይ አይከመርም። ረጅም ገመድ ውሃው ውስጥ ይዘረጋል፤ ጅረቱ ሲዘገይ የተሸከመውን አሸዋ ያራግፋል፤ ግድቡ ራሱን በራሱ ይሠራል። ገበሬ ቦረቦር ውስጥ ጭራሮ ደርድሮ አፈር እንደሚያስቀረው ማለት ነው። ወጪው 190 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ለጥናቱ 100 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቢቀርብም አልጸደቀም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ ሶቪየታዊው ፒዮትር ቦሪሶቭ ዓይኑን ቤሪንግ ሰርጥ ላይ ጣለ። ሳይቤሪያንና አላስካን የሚለየው ይህ ሰርጥ ወርዱ 85 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሜትር ገደማ ነው። ይገደብ፤ ፓምፖች የአርክቲክን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፓስፊክ ይግፉ፤ በቦታው የአትላንቲክ ሙቅ ውሃ ይግባ፤ በረዶው ይቅለጥ፣ ሳይቤሪያም ትሙቅ አለ። ችግሩ ውሃው በተፈጥሮው የሚሄደው በተቃራኒው፣ ከፓስፊክ ወደ አርክቲክ መሆኑ ነው። ፓምፖቹ ያለ እረፍት የሚበሉትን መብራት አስቡት።

ለእኔ ግን ትልቁ ዋጋ የሲሚንቶና የመብራቱ አይደለም። ነጩ በረዶ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ወደ ሰማይ ይልካል። እሱ ሲጠፋ ጠቆር ያለው ባሕር ሙቀቱን ይውጠዋል፤ ይህን በፓምፕ መመለስ አይቻልም። ኒውፋውንድላንድ ጋም ያ በዓሣ የታወቀ ባሕር ሀብቱን ያገኘው ሁለቱ ጅረቶች ስለሚገናኙበት ነው። ራይከር ሊለያያቸው የፈለገው እነዚያኑ ነው።

ጣጣው እኛም ጋ ይደርሳል። ሙቅ ውሃን ወደ ሰሜን፣ ቀዝቃዛውን ወደ ደቡብ የሚያመላልሰው የአትላንቲክ የውሃ ዑደት ቢዳከም የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ እንደሚሸሽ የአየር ንብረት ሞዴሎች ያሳያሉ። ክረምታችን የሚገባው ደግሞ ያ መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሰሜን አትላንቲክን የሚነካ እጅ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለውን የሳህልንና የኢትዮጵያን ገበሬ ማሳም ይነካል።

ሕጉ እዚህ ላይ ክፍተት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አካባቢን ስለ መለወጥ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚከለክለው ለጦርነት ወይም ለጠላትነት የሚደረገውን ነው። ለሰላማዊ ዓላማ የሚደረገውን ግን አይከለክልም።