የሠራተኛ ፈቃድ በድሬዳዋ

በድሬዳዋ በፋብሪካ፣ በሆቴል ወይም በሌላ የግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ፈቃድ የሚወስደው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደርበት ሕግ ሌላ ነው።

አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። 11 ዓመት የሠራ ሰው 21 ቀን አለው ማለት ነው። ደመወዙ አይነካም። ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ ግን ሥራ ሲለቀቅ ካልሆነ በቀር ክልክል ነው። መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው አሠሪው ነው፤ በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት እያየ።

ይህ «በተቻለ መጠን» በድሬዳዋ የሚፈተነው በታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል። ዕለቱ በካላንደር የተዘጋ በዓል አይደለም፤ አዋጁም የንግሥ ፈቃድ የሚባል አያውቅም። ስለት ያለበት ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ ሁለት ሦስት ቀን ቆርሶ ወደ ቁልቢ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ቅጹ ላይ በምክንያት ቦታ «የግል ጉዳይ» ብሎ ይጽፋል፤ የሚፈርመው አለቃ ጉዳዩን አይጠይቅም፣ ምናልባት እርሱም ስለት አለበት። ሐምሌ 19 ላይ ነገሩ ይደገማል። ሐጅ ያሰበ ሰው ደግሞ ቀናቱን ማጠራቀም ይኖርበታል፤ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍምና ስሌቱ ቀድሞ ይጀመራል።

ለሠርግ ሦስት የሥራ ቀን ከነክፍያው ይሰጣል፤ ለቅርብ ዘመድ ሞትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ሕጉ ጠባብ ይመስለኛል፦ ግድግዳ ተጋርተው ልጅ ያሳደጉ ጎረቤት ሲሞቱ ድንኳን የሚተክለው ሰው በአዋጁ ሐዘንተኛ አይባልም። የሚቀረው ለከባድ ጉዳይ የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ነው፤ እርሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ለወሊድ እናት 30 ቀን በፊት፣ 90 ቀን በኋላ፤ አባት ሦስት ቀን። ሕመም ላይ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈልባቸዋል፤ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ።

ፈቃድ ላይ ያለን ሰው አሠሪው መጥራት የሚችለው ቀድሞ ሊታወቅ ያልቻለ ምክንያት ሲያጋጥም ብቻ ነው። ከቁልቢ መንገድ ለተመለሰው የመጓጓዣ ወጪና አበል ይገባዋል፤ የትራንስፖርት ቲኬቱን ካልጣለ።