የአዲስ አበባ አየር፦ ሕጉ፣ ልኩና ለኪው

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጭስ ትሸፈናለች። በየበሩ የተጠረገው ቆሻሻ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ኅዳር ይታጠናል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. የከተማዋን ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ ጭሱ በሽታን ያባርራል ተብሎ ታምኖ ነበር። ዛሬ ከቆሻሻው መካከል ፌስታልና ላስቲክ ስለሚበዛ፣ በሽታ አምጪው ራሱ ጭሱ ሆኗል። የከተማዋ አስተዳደርም ነዋሪው ቆሻሻውን ከማቃጠል ይልቅ እንዲሰበስብ ሲያሳስብ ቆይቷል።

ሕግ በማውጣት በኩል አገሪቱ ባዶ እጇን አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከፋብሪካ ጭስ ማውጫም ሆነ ከተሽከርካሪ ለሚወጣው ብክለት የመጠን ገደብ እንዲወጣለት ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ግቢ መግባት እንደሚችል ይገልጻል። በእኔ አስተያየት የአዋጁ ትልቁ ሀብት አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እርሱን በቀጥታ መንካቱን እንዲያስረዳ ሳይጠየቅ፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በፋብሪካ ጭስ የሚያስለው ልጅ እናቱ ብትፈራ ጎረቤቷ ሊከስላት ይችላል ማለት ነው። ይህን መብት የሚያውቀው ሰው ቁጥር ማነሱ ያሳዝነኛል።

ሕጉን የሚያስፈጽመው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቁሞ፣ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። እንዲህ የሚቀያየር መዋቅር ለአየር ልኬት አይመችም። የልኬት መዝገብ ዋጋ የሚያወጣው ዓመታትን ሳይቋረጥ ሲቆይ ነውና።

ዋናው ችግርም ያለው እዚሁ ልኬቱ ላይ ነው። ጤናን አብዝቶ የሚጎዳው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ ነው። ከሰው ፀጉር ውፍረት ወደ ሠላሳ እጅ ያንሳል፤ ስለዚህ አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ እስከ ደም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. የዚህን ብናኝ ዓመታዊ አማካይ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። የአዲስ አበባ አየር ከዚህ ልክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ የታወቀው በጥቂት መሣሪያዎች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥቁር አንበሳ ግቢ ሲለኩ ቆይተዋል። የአሜሪካ ኤምባሲም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መለኪያ ተክሎ ውጤቱን በየሰዓቱ ለሕዝብ ማሳየት ጀመረ። ደረጃውን የጠበቀው መለኪያ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አየሩን በቱቦ ይስብና በጥቅልል ወረቀት ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ብናኙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ የቤታ ጨረር በወረቀቱ ውስጥ ያልፋል። ጨረሩ የደከመውን ያህል ብናኙ በዝቷል ማለት ነው። በየሰዓቱ ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል፤ የጠቆረች ክብ ነጥብ ትቶ ያልፋል። ያችን ነጥብ ያየ ሰው የተነፈሰውን አየ ማለት ነው።

ልኬት ግምትን ያፈርሳል። ብዙ ሰው ዝናብ አየሩን ያጥበዋልና ክረምት ንጹሕ ነው ይላል። በአዲስ አበባ የተመዘገበው ግን ደቃቁ ብናኝ በክረምት ወራት እንደሚጨምር ነው። ቅዝቃዜው ከሰል ያስነድዳል፣ የረጠበ እንጨት አብዝቶ ይጨሳል፣ ጭሱም በቀዝቃዛው የማለዳ አየር ታፍኖ ከመሬት አይርቅም። ይህን የሚነግረን መሣሪያ ሲጠፋ ግምቱ ተመልሶ ይነግሣል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚያገኘውን የአየር መረጃ ለሕዝብ ማጋራቱን አቋርጧል። የከተማዋ መዝገብ በሌላ አገር መንግሥት ውሳኔ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

በተሽከርካሪ በኩል እርምጃው ፈጣን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የውኃ ኃይል ስለሆነ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው ለውጥ እውነተኛ ጥቅም አለው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን የሚያቃስተው፣ ጥቁር ጭሱን በእግረኛው ፊት ላይ የሚተፋው የናፍጣ መኪና ግን ቀድሞ የገባ ነውና አሁንም መንገድ ላይ ነው። እርሱን ማስቆም የሚቻለው በየዓመቱ ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ ጭሱ በቁም ነገር ሲለካ ነው።

ተቆጣጣሪ የማይገባበት ቦታ አለ፤ ማድ ቤት። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱን ሦስት ጉልቻ ላይ ጥዳ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየማገደች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ልጇን አዝላ ሰዓታት ትቆያለች። የታዘለው ሕፃን የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። መንግሥት እዚህ የሚደርሰው በአዋጅ ሳይሆን በምድጃ ነው፦ ለእንጀራ «ምርጥ»፣ ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የተባሉት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች ለዓመታት ሲስፋፉ ቆይተዋል። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ከቤት አስወጥቶታል፤ ነገር ግን ኩፍ ያለ ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ በጠፋ ቀን እንጨቱ ተመልሶ ይነድዳል።