የእሳት ጠቋሚ ሴንሰሮች የላቦራቶሪ ፍተሻ
በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ በሕንፃ ጣሪያ ላይ የሚገጠሙት ነጫጭ የጭስ ጠቋሚዎች ባብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ ገዥው ከዋጋቸው በፊት ሊያጣራው የሚገባው በየትኛው መስፈርት እንደተፈተሹ ነው። በአውሮፓ መስፈርቱ ኢኤን 54 ይባላል፤ በአንድ ቦታ ላይ ተገጥመው እዚያ የደረሰውን ጭስ የሚለዩ ጠቋሚዎች የሚዳኙት በክፍል 7 ነው።

በብዛት የሚገኘው ጠቋሚ በብርሃን ይሠራል። በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የሚለቀቀው ጨረር በአዘቦቱ ጊዜ መቀበያውን አያገኘውም፤ ጭስ ሲገባ ግን በብናኞቹ ላይ ነጥሮ ያርፍበታል። ላቦራቶሪው መጀመሪያ መሣሪያውን በነፋስ ዋሻ (አየር በሚነፍስበት ዝግ ቱቦ) ውስጥ አስቀምጦ የፓራፊን ዘይት ጉም ይለቅበታል። አንዱ ጠቋሚ የሚጮኽበት የጭስ መጠን 6 ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ውጤት ከትንሹ ከ1.6 እጥፍ መብለጥ የለበትም። በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ93 በመቶ እርጥበት 4 ቀን መቆየቱም ግዴታ ነው፤ ይህ በጣና ዳር ክረምት ለሚያሳልፍ መሣሪያ ቀላል ነገር አይደለም።

ወሳኙ ግን የእሳት ክፍሉ ነው። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 4 ሜትር ገደማ በሆነው ክፍል ጠቋሚዎቹ ከእሳቱ 3 ሜትር ርቀው ጣሪያው ላይ ይሰቀላሉ። አንዱ ፍተሻ 90 የጥጥ ፈትሎችን ይጠቀማል፤ ፈትሎቹ ከተለኮሱ በኋላ ነበልባላቸው ይጠፋና ጫፋቸው እየጋለ ይጨሳል፣ ልክ እፍ ተብሎ እንደጠፋ ጧፍ። ጥጥ በሚከማችበት ቦታ እሳት ውስጥ ለውስጥ ሲሄድ የሚታየው ይኸው ስለሆነ፣ በጥጥ ለሚሠራ ፋብሪካ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ፍተሻ ይመስለኛል። በሌሎቹ ፍተሻዎች እንጨት በጋለ ምጣድ ላይ ያለ ነበልባል ይጨሳል፤ ስፖንጅና ሄፕቴን የተባለው ፈሳሽ ደግሞ በነበልባል ይነድዳሉ። የሄፕቴኑ ጥቁር ጭስ ብርሃንን ስለሚውጥ በብርሃን የሚሠራውን ጠቋሚ ክፉኛ ይፈትነዋል።

የዕጣንና የቡና ቁሌት ጭስ ከእነዚህ የፍተሻ እሳቶች መካከል የሉም። ስለዚህ ምስክር ወረቀት ያለው ጠቋሚ እንኳ ቡና ከሚፈላበት ጥግ በላይ ቢሰቀል በከንቱ ይጮኻል፤ ሰውም ተማርሮ ይነቅለዋል፣ ያን ጊዜ ቤቱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። በብርሃን ሳይሆን በአዮን (ኤሌክትሪክ በተሞሉ የአየር ቅንጣቶች) የሚሠሩት ጠቋሚዎች ደግሞ በአየር ግፊት ስለሚነኩ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ላለችው ደብረ ማርቆስ ሲገዙ አምራቹ የፈቀደውን ከፍታ ማንበብ ያሻል።

ጠቋሚው ከተገጠመም በኋላ የመፈተሻ ቁልፉን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ቁልፉ ኤሌክትሮኒክሱንና ድምፁን ቢያሳይም ጭሱ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር መደፈኑን አይናገርም። ይህ የሚታወቀው ለፍተሻ የተዘጋጀውን የጭስ ስፕሬይ ከሥሩ ሲረጩበት ነው።