የአክሱም ሳንቲም፦ እውነተኛውን ከአስመሳዩ እንዴት እንለያለን?

በአክሱም ዙሪያ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ማሳውን ሲያጥበው የጥንት ሳንቲም ብቅ ይላል። ገበሬው ሲያርስ ያገኘዋል፣ ልጆችም ይለቅሙታል። ግን ለቱሪስት ተብሎ በቅርቡ የተሠራም አለ። ለመለየት መጀመሪያ እውነተኛውን ማወቅ ነው።

በራሱ ስም ሳንቲም ያስቀረጸው የመጀመሪያው የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ። የወርቅና የብር ነበሩ፤ ነሐስ የመጣው ከእሱ በኋላ በነገሠው በአፊላስ ጊዜ ነው። ያኔ የራሱን ወርቅ የሚያስቀርጽ መንግሥት በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አክሱም ከእነ ሮማና ፋርስ ተርታ ቆማለች።

የኢዛና ዘመን ለዚህ ሥራ ትልቅ መለያ ነው። ከእሱ በፊት ከንጉሡ ራስ በላይ የሚታየው ጨረቃና ክብ ነው። እሱ ክርስትናን ሲቀበል ቦታውን መስቀል ያዘው። ስለዚህ የእንዱቢስ ስም ተጽፎበት መስቀል ያለበት ሳንቲም ቢያመጡልህ ወዲያው ተጠራጠር። ክብደቱም ይናገራል፦ የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ነው፣ በኢዛና ጊዜ ግን ወደ 1.6 ዝቅ ብሏል። ቆስጠንጢኖስ ያወጣው የሮማ ወርቅ 4.5 ግራም ስለነበር፣ ሲሶውን እንዲጠጋ ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። በትንሽ የወርቅ ቤት ሚዛን ብቻ ብዙ አስመሳይ ይጋለጣል።

ቀጥሎ አሠራሩን እይ። የአክሱም ሳንቲም በሁለት ማተሚያዎች መሀል ተደርጎ በመዶሻ የተመታ ነው፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፣ ምስሉም አንዳንዴ ከመሀል ወጣ ይላል። አስመሳዩ አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ሲታይ ገጹ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መገጣጠሚያ መስመር ይገኝበታል። አንድ ዓይነት ጭረት እዚያው ቦታ ላይ ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች ካገኘህ ከአንድ ቅርጽ ወጥተዋል ማለት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው የወርቅ ቅብ ነው። የአክሱሙን ንጉሥ የመሐድይስን ነሐስ ውሰድ። በአንድ በኩል ንጉሡ፣ በሌላው መስቀል፤ ዙሪያውን በግዕዝ «በዚህ መስቀል ያሸንፋል» የሚል፣ የቆስጠንጢኖስን ቃል የሚያስታውስ ጽሑፍ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ነሐስ ላይ፣ መስቀሉ መሀል ብቻ ተለይቶ ወርቅ ገብቶበታል። አስመሳዮች ይህን ሲሞክሩ ወርቃማው ቀለም ከቦታው ያልፋል ወይም ፊደል ላይ ይፈሳል።

የነሐሱ አረንጓዴ ዝገት በፊደሎቹ ውስጥ ሥር ሰዶ ይጠነክራል። የተቀባ ከሆነ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ይለቃል። እውነተኛ ሊሆን የሚችለውን ግን አትፈትግ፣ ታሪኩን አብረህ ትፍቀዋለህ።

ፊደሉ ስለተዛባ ብቻ አስመሳይ ነው ማለትም አይቻልም። በካሌብ ስም የወጡ፣ ጽሑፋቸው የማይነበብ ወርቆች አሉ፤ በጥንቱ ዘመን እንደተሠሩ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1980 የመን ውስጥ አል ማዳሪባ ከተገኘው ክምችት ውስጥ 868ቱ የአክሱም ወርቅ፣ 326ቱ የሮማ ነበሩ። የእኛ ወርቅ ከቀይ ባሕር ማዶም ይሠራበት ነበር!

የመጨረሻው ሳንቲም አስቀራጭ አርማህ ነው ይባላል፣ በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ።

ሳንቲም ያገኘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማሳወቅ አለበት። የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት ጻፍ፣ ሳታጥበው በወረቀት ጠቅልለህ በአቅራቢያህ ወዳለው የባህል ቢሮ ውሰደው።