ብቻን በጀርመን ገጠር በእግር መጓዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀርመን ውስጥ የምንኖር ሐበሾች ስንገናኝ፣ የዕረፍት ቀኖቼን ብቻዬን ረጅም መንገድ በእግር በመሄድ እንደማሳልፍ የሰማ ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውም ስሕተት ነው። ከተሳሳቱት አመለካከቶች ጥቂቶቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዱ ግን ሰው ያስርባል።

«ጫካው አውሬ አለው።» ተኩላ እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ ወደ ጀርመን መመለሱ እውነት ነው፤ ይሁንና መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ሊፈራ የሚገባው መዥገር ነው። በተለይ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ የአንጎል ሽፋን ብግነት የሚያመጣ ቫይረስ ያስተላልፋል፤ ለዚህ ክትባት አለ። ላይም ለተባለው ሌላው በሽታ ግን የሚሰጥ ክትባት ስለሌለ፣ ማታ ከጉልበት ጀርባና ከብብት ሥር መፈተሽ ግድ ነው።

«ብቻህን ከሄድክ መንገድ ትስታለህ።» ከፕፎርትስሃይም እስከ ባዝል 285 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ቬስትቬግ በተባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቀይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት በየዛፉ ተለጥፏል። ስልክ በየሸለቆው ኔትወርክ ስለሚያጣ ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ፣ የዕለቱን መድረሻም ለአንድ ሰው ነግሮ መውጣት ይበቃል።

«ጀርመን ነው፤ የሚበላ የትም አይጠፋም።» ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ የሚናገሩት ከፍራንክፈርት ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ናቸውና። ሱቅ እሑድ የሚዘጋው በልማድ ብቻ አይደለም። እሑድንና የታወቁ በዓላትን የሥራ ዕረፍት ቀን ያደረገው የ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት አንቀጽ ዛሬ በሚሠራበት መሠረታዊ ሕግ ውስጥ እንዳለ ተካቷል። ነዳጅ ማደያና ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች መሸጥ ይፈቀድላቸዋል፤ ዳቦ ቤትም በአንዳንድ ቦታ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ይከፈታል፤ የእግረኛው መንገድ ግን በአብዛኛው ከእነዚህ ሁሉ ርቆ ነው የሚያልፈው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ብዙ መንደሮች በአዘቦት ቀን እንኳ ሱቅ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ጋስትሃውስ የሚባለው የመንደሩ ምግብ ቤትም ብዙ ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ «ሩሄታግ» (የዕረፍት ቀን) ብሎ ይዘጋል፤ በሚከፍትበት ቀንም ቢሆን ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱ እስከ ማታ ሊዘጋ ይችላል።

የእኛን የበዓላት አቆጣጠር ለሚከተል ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። የምዕራባውያኑ ፋሲካ ከእኛ ጋር በማይገጥምበት ዓመት፣ የዕርገት ሐሙስና የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ በመላ አገሪቱ በዓል መሆናቸው ሳይታሰብ ይደርሳሉ። አንድ ዘመዴ በዚሁ ሰኞ ከአኸን እስከ ትሪር በሚዘልቀው አይፈልሽታይግ በተባለው የእግረኛ መንገድ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሁለት ሙዝ ይዞ ወጣ። በመጀመሪያው መንደር ሱቁ ዝግ ነበር፤ በሁለተኛው ሱቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሦስተኛው የጋስትሃውሱ በር ላይ ባለቤቶቹ ለዕረፍት መሄዳቸውን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ያገኘው ቧንቧ የመካነ መቃብሩ ነበር፤ በላዩም «የመጠጥ ውሃ አይደለም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። መቃብር ላይ አበባ ያጠጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጠርሙሱን ተቀብለው ከቤታቸው ሞልተው ባይሰጡት ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀውን ዳገት እንዴት እንደሚወጣው እንጃ።

ስለዚህ ስንቅ ይያዝ። ቆሎ፣ በሶና ቴምር በየስፖርት ዕቃ መደብሩ በውድ ከሚሸጠው የጉዞ ምግብ በምንም አያንሱም፤ ክብደታቸውም ቀላል ነው። ካርድ የማይቀበል ጋስትሃውስ ብዙ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው፣ እንዲሁም የአሳማ ሥጋ የማይበላ፣ የተጠበሰ ድንች ሲያዝ «ሽፔክ አለበት ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ድንቹ ውስጥ ተከትፎ የሚገባው የአሳማ ሥጋ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም።

«ሃያ ኪሎ ሜትር የአራት ሰዓት መንገድ ነው።» በሜዳም አይሆንም። ዲን 33466 የተባለው የጀርመን መለኪያ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር አግድም፣ 300 ሜትር ሽቅብ፣ 500 ሜትር ቁልቁል ብሎ ያሰላል፤ ከአግድሙና ከዳገት ቁልቁለቱ ጊዜ ትልቁ ሙሉ በሙሉ ይወሰድና የትንሹ ግማሽ ይደመርበታል። 600 ሜትር ወጥቶ 500 ሜትር ለሚወርድ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ አግድሙ አምስት ሰዓት፣ ዳገትና ቁልቁለቱ ሦስት ሰዓት ሲሆኑ፣ ድምሩ ስድስት ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ ዕረፍቱ ሳይቆጠር።

«ሲመሽ ድንኳን መትከል ነው።» እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፌዴራል የደን ሕግ ለመዝናናት ወደ ጫካ መግባትን ይፈቅዳል፤ በጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደርን ግን የየክልሉ ሕግ በአብዛኛው ይከለክላል። በፕፋልዝና በጥቁር ደን ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ የማደሪያ ቦታዎች አሉ፤ እነሱም በክፍያ አስቀድመው ካልተያዙ አይገኙም።