ስፒድ እና ቬሎሲቲ፦ ሁለቱም «ፍጥነት» ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ስፒድም ፍጥነት ነው፣ ቬሎሲቲም ፍጥነት ነው። ታዲያ ጥያቄው ለምን ሁለቱንም ለየብቻ ፈልጉ ይላል?» አለችኝ። መልሱ ደብተሯ ላይ ተጽፏል፤ ስፒድ ስኬላር (መጠን ብቻ ያለው) ነው፣ ቬሎሲቲ ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው) ነው። ይህን በቃሏ ትወጣዋለች። ግራ የገባት ትርጉሙ ነው። አልፈረድኩባትም፤ በየቀኑ በምንናገረው አማርኛ ሁለቱንም የምንጠራቸው በአንድ ቃል ነው።

«እንግዲያው ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ እንሂድ» አልኳትና ወረቀት አወጣን።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከድሬዳዋ ወጥቶ የደንገጎን ዳገት ይያያዘዋል፣ ከዚያ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ ሐረር ይገባል። ጉዞው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ወሰደ እንበል። 55ን ለ1.25 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አማካይ ስፒድ ይህ ነው። ጎማው የረገጠውን መንገድ በሙሉ ይቆጥራል፤ መንገዱ ወዴት ወዴት እንደዞረ ግን ጉዳዩ አይደለም።

ቬሎሲቲ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ካርታ ላይ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ክር ብንወጥር ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመለክታል። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ይህ ቀጥታ መስመር፣ ከነአቅጣጫው፣ ዲስፕሌስመንት ይባላል። 40ን ለ1.25 ብናካፍል አማካይ ቬሎሲቲው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። «ወደ ደቡብ ምሥራቅ» የሚለው ለማሳመር የተጨመረ አይደለም። እሱ ከተረሳ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም መልሱ ጎዶሎ ነው። (ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ጉዞው ወደ ላይም ነው፤ እኛ ግን ለጊዜው ካርታው ላይ ባለው አቅጣጫ ተወሰንን።)

ሚኒባሱ ሐረር ተሳፋሪ አውርዶ፣ ሌላ ጭኖ፣ ወደ ድሬዳዋ መናኸሪያው ተመለሰ። 110 ኪሎ ሜትር ነዳ። የደርሶ መልሱ አማካይ ቬሎሲቲ ስንት ነው? ዜሮ። ልጅቷ እዚህ ላይ እምቢ አለች፤ «ሾፌሩ ሲነዳ ውሎ እንዴት ዜሮ ይሆናል?» ጥያቄዋን ወደድኩት። ዜሮው «አልተንቀሳቀሰም» አይልም። መጨረሻው መነሻው ላይ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የሚወጠር ክር የለም ማለት ነው። የሾፌሩን ድካምና የነዳጁን ወጪ ማወቅ የፈለገ ስፒዱንና የተነዳውን ርቀት ይጠይቅ።

እስካሁን ያወራነው ስለ አማካይ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ግን የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ የሚሆነው ነው። ሾፌሩ መሪውን እያዞረ ነው፣ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ግን 30 ላይ ቀጥ ብሏል። ስፒዱ አልተለወጠም። ቬሎሲቲው ግን በየቅጽበቱ እየተለወጠ ነው፤ መኪናው የሚሄድበት አቅጣጫ እየዞረ ነዋ! መለኪያው ይህን አይነግረንም፤ በመኪናም ሆነ በባጃጅ የሚያሳየው ስፒድን ብቻ ነው። የሚነግረን የራሳችን አካል ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ ጥግ የተቀመጠው ሰው በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ወንበር ላይ ያረፈ ፌስታል ይንሸራተታል። አንዳች ኃይል ወደ ውጭ የገፋን ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሰውነታችን በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ በሩ ወደ ውስጥ እየገፋ ከመኪናው ጋር እንዲታጠፍ ያስገድደዋል። ቬሎሲቲ በተለወጠ ቁጥር አክስለሬሽን አለ። አክስለሬሽን ሲባል ነዳጅ መርገጥ ብቻ የሚታየው ብዙ ነው፤ ፍሬን መያዝም አክስለሬሽን ነው፣ መርፌው ሳይነቃነቅ መሪ ማዞርም አክስለሬሽን ነው። ስፒድንና ቬሎሲቲን አንድ አድርጎ የያዘ ተማሪ ይህን የመጨረሻውን መቼም አይገባውም፤ ልዩነቱን አጥብቄ የማስረዳውም ለዚህ ነው።

በአንዲት ቅጽበት ብቻ ካየነው የሁለቱ መጠን እኩል ነው፤ መርፌው 30 ካለ ቬሎሲቲውም 30 ነው፣ አቅጣጫው ሲጨመርበት። በቁጥር የሚራራቁት በጉዞ ላይ አማካይ ሲወሰድ ነው። ሒሳብ ውስጥ ደግሞ አንዱን አቅጣጫ ፖዘቲቭ ካልን ተቃራኒው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰከንድ −20 ሜትር ማለት ዝግታ ሳይሆን በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ነው።

«ከፈተና ውጭ ይህ ለማን ይጠቅማል?» አለችኝ። ድሬዳዋ ለማረፍ ለሚቃረብ ፓይለት የነፋሱ ፍጥነት በቁጥር ብቻ ቢነገረው አይረዳውም። ከየት አቅጣጫ እንደሚነፍስም ይነገረዋል። ከፊት የሚመጣ ነፋስ አውሮፕላኑ በአጭር ርቀት እንዲቆም ያግዛል፣ ከኋላ የሚመጣው መንደርደሪያውን ያስረዝምበታል፣ ከጎን የሚመጣው ከመስመሩ ይገፋዋል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሦስቱም ሌላ ሌላ ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ሰጠኋት። ሁለት ጓደኛሞች ሐረር ከሸዋ በር እኩል ተነሡ። አንዱ በጀጎል ግንብ ዙሪያ ዞሮ፣ ሌላው በውስጥ በቀጫጭኖቹ መንገዶች አቋርጦ፣ ሁለቱም ኤረር በር እኩል ደረሱ። ማን ይፈጥናል?

እርሳሷን ነክሳ ቆየች። «የዞረው ስፒዱ ይበልጣል፣ ብዙ መንገድ ሄዷል። አማካይ ቬሎሲቲያቸው ግን አንድ ነው» አለች። ደብተሯን ልትዘጋ ስትል ተመልሳ ከፈተችና ከመልሱ አጠገብ «ወደ ምሥራቅ» ብላ ጻፈችበት።